ነፋስንና ጠብን በቁጥር የመረመረ ሊቅ፤ የሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሕይወት ታሪክ

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲወጣ አንብበናል። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ስለ ደረሰኝ፣ ስሙ በአገራችን እምብዛም ያልተሰማ፣ ነገር ግን በዓለም ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የታወቀ አንድ ሰው መርጫለሁ። እርሱም እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። ይህ ሰው ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አልነበረም፤ እንዲያውም በጦርነት መካከል ተገኝቶ ጠመንጃ ለመያዝ እንቢ ያለ ሰው ነበረ።

እርሱን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ታላቅ ወንድሜ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ፣ ማለት የአየር ጠባይ ትምህርት ይማራል። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዝናብና ነፋስን የሚያጠኑ ብዙ ወጣቶች ከዚያ ወጥተዋል። አንድ ቀን ማታ ወንድሜ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና የሪቻርድሰንን ስም አየሁና ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። የአየርን ጠባይ በስሌት አስቀድሞ ለማወቅ መጀመሪያ የሞከረው እርሱ እንደ ሆነ ነገረኝ። ቀጥሎም የዚህ ሰው የዕድሜ እኩሌታ ያለፈው ነፋስን በማስላት ሳይሆን የሰውን ጠብ በማስላት እንደ ሆነ ባጫወተኝ ጊዜ፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

ለምን ነሣኝ ብትሉ፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር የሆነውን ስለማስታውስ ነው። በዚያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ከተማ ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቶች በኀዘንና በቁጣ ሆነው ወደ አደባባይ ወጡ፤ ብድር ለመመለስ የተነሡ፣ ንብረት ለማጥፋት የተዘጋጁም ነበሩባቸው። እናቴ የግቢያችንን በር ቆልፋ ከውስጥ አስቀመጠችን። ታዲያ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡና በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ከዚያም ተመለሱ። እኔ በዐይኔ ያየሁት በኋላ በፎቶግራፍ ነው፤ በጊዜው የሰማሁት የመንገዱን ጩኸትና ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ጸጥታ ብቻ ነበረ።

በዚያን ቀን አንድ የሒሳብ ሰው ከሩቅ ሆኖ የወጣቶቹን ብዛት፣ የኀዘናቸውን ልክና የፖሊሶችን ቁጥር ደምሮ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ፣ መልሱ ደም ይፈሳል የሚል ይሆን ነበር። ስሌቱ ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም፤ ሣሩን ስላልቈጠረ ነው። እንግዲህ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ባህል በቁጥር ሊገባ ይችላልን? ሪቻርድሰን የደከመበት ጥያቄ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ እርሱ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ሪቻርድሰን ጥቅምት 11 ቀን 1881 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተወለደ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። አባቱ ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካ ነበራቸው። ቤተ ሰቡ ክዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበረ፤ እነዚህ ሰዎች ጦርነትን ሁሉ የሚጠሉ፣ ለጸሎት ሲሰበሰቡም ብዙውን ጊዜ በዝምታ የሚቀመጡ ናቸው። ልጁም በዮርክ ከተማ ቡተም በሚባለው የክዌከሮች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። ይህን በዋዛ የማልፈው አይደለም። በኋላ በሕይወቱ ያደረጋቸውን ነገሮች ለመረዳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይህን አስተዳደግ ማየት አለበት፤ የባህልን ኀይል በሌሎች ላይ ሊለካ የተነሣው ሰው ራሱ በባህሉ የተቀረጸ ነበረና።

ከዚያ በኋላ በካምብሪጅ በኪንግስ ኮሌጅ ተምሮ በ1903 ተመረቀ። ሥራውን ግን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጥ ነበር፤ በላቦራቶሪ፣ በመብራት አምፑል ፋብሪካ፣ እንዲሁም ለማገዶ የሚሆን ረግረጋማ አፈር በሚያወጣ ድርጅት ሠርቷል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ለታሪኩ በጣም ይጠቅማል። ከረግረጉ ውሃው እንዲወጣ ቦዩን በየት በኩል መቈፈር ይሻላል የሚል ጥያቄ ቀረበለት። ትክክለኛው የሒሳብ እኩልታ ግን በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም። ስለዚህ ሪቻርድሰን ቦታውን በሐሳቡ ትንንሽ አድርጎ ከፈለውና በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በተራ ድምርና ብዜት እየሠራ ወደ መልሱ ተጠጋ። የጋሞ ገበሬ ቀጥ ያለውን ተራራ ባንድ ጊዜ ከማረስ ይልቅ በእርከን ከፋፍሎ እንደሚያርሰው ማለት ነው። የዛሬው ኮምፒዩተር የአየርን ጠባይም ሆነ የሰውን ጠባይ ሲያሰላ የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በዚያን ዘመን ግን ኮምፒዩተር ስላልነበረ ሪቻርድሰን ስሌቱን ለልጆች እያካፈለ በትክክል ለሠሩት በቁራጭ ይከፍላቸው ነበር፤ ለተሳሳተ ግን ምንም አይከፍልም። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

በ1909 ዶረቲ ጋርኔት የምትባል የሒሳብ ሊቅ ልጅ አገባ። ከአብራካቸው ልጅ ስላልወለዱ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወስደው አሳደጉ። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ በሰጠመች ጊዜ፣ መርከብ በድምፅ ማስተጋባት ከፊቷ ያለውን እንቅፋት የምታውቅበትን ዘዴ አስቦ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ነገር ግን ነገሩን እስከ መጨረሻ አልገፋበትም። እንዲህ ያለ ጠባይ ነበረው፤ አንዱን ሐሳብ ጀምሮ ለሌሎች ይተወዋል።

በ1913 በስኮትላንድ ውስጥ ኤስክዴልሚዩር በሚባል ራቅ ያለ ቦታ የሚገኘው የአየርና የምድር መመርመሪያ ጣቢያ ኀላፊ ሆነ። በዚያ ጸጥ ባለ ቦታ ሆኖ ትልቁን ሐሳቡን ጀመረ። በጊዜው የአየር ትንበያ የሚሠራው የዛሬውን ካርታ ካለፉት ዓመታት ካርታዎች ጋር በማመሳሰል ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ቀድሞ ዘንቦ ነበርና ዛሬም ይዘንባል እንደ ማለት ነው። ሪቻርድሰን ግን አየር የተፈጥሮ ሕግ ያለው ስለ ሆነ፣ የዛሬውን ሙቀት፣ ነፋስና ግፊት ይዘን የነገውን በስሌት ማግኘት እንችላለን ብሎ አሰበ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ክዌከር በመሆኑ ሊዋጋ አልፈለገም፤ ወገኖቹ ሲሞቱም ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነለትም። ስለዚህ በ1916 ሥራውን ትቶ በክዌከሮች የአምቡላንስ ማኅበር ገባና በፈረንሳይ ጦር ግንባር ቁስለኞችን በመኪና ያመላልስ ጀመር። እስከ 1919 ድረስ በዚሁ አገልግሎት ቈየ። በዕረፍቱ ሰዓት በቀዝቃዛ ማደሪያ ውስጥ በድርቆሽ ክምር ላይ ተቀምጦ ስሌቱን ይሠራ ነበር። የመረጠውም ግንቦት 20 ቀን 1910 ጠዋት በመካከለኛው አውሮፓ የነበረውን አየር ነው። የስድስት ሰዓት ለውጥ ለማስላት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። በ1917 ጸደይ በሻምፓኝ በተደረገው ውጊያ ጊዜ ጽሑፉ ወደ ኋላ ተልኮ ጠፋ፤ ከብዙ ወራት በኋላ በቤልጅግ አገር ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የተገኘው መልስ ፈጽሞ ስሕተት ነበር። ስሌቱ የአየሩ ግፊት በ6 ሰዓት ውስጥ 145 ሚሊባር እንደሚጨምር አሳየ። በባሕር ወለል ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት ወደ 1,000 ሚሊባር ያህል ነውና እንዲህ ያለ ለውጥ በምድር ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ በእውነቱ በዚያን ቀን ግፊቱ ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም ነበር። እኔ ብሆን ወረቀቱን እሳት ውስጥ እጨምረው ነበር። እርሱ ግን ስሕተቱን ሳይደብቅ በ1922 በመጽሐፍ አሳትሞ አወጣው። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ስሌቱን መርምረው መንገዱ ትክክል እንደ ነበረ፣ ችግሩ የመነሻዎቹ ቁጥሮች አስቀድመው ባለመስተካከላቸው የመጣ እንደ ነበረ አረጋግጠዋል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ የሐሳብ አዳራሽ ሥሎአል። አዳራሹ እንደ ቴያትር ቤት ክብ ሆኖ በግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ተቀብቷል። በየካርታው ክፍል 64,000 ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ቦታ አየር ያሰላል፤ መልሱንም ለጎረቤቱ ያሳያል። በመካከሉ ባለው ከፍ ያለ ሰገነት ላይ የቆመው አለቃ እንደ ሙዚቃ መሪ ሆኖ፣ በፈጠኑት ላይ ቀይ በዘገዩት ላይ ሰማያዊ መብራት ያበራባቸዋል። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱን ብቻ እያየ የራሱን ቁራጭ ሥራ ሲሠራ፣ ከሁሉ ድምር ዓለም አቀፍ ማዕበል ይወጣል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከጦርነቱ ሲመለስ በእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እንደ ገና ተቀጠረ። ነገር ግን በ1920 መሥሪያ ቤቱ የጦር አየር ኀይልን በሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ሥር እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ ሪቻርድሰን ስለ ኅሊናው ሥራውን ለቀቀ። ከዚህም በኋላ በአየር መናወጥ ላይ ያደረገው ምርምር ለመርዝ ጋዝ ሥራ ሊጠቅም እንደሚችል በተረዳ ጊዜ፣ ያንን ምርምር ተወው። በእነዚህ ዓመታት ለንደን ውስጥ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። በ1926 የታወቀው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመርጧል፤ ሆኖም በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር አላገኘም። አንዳንዶቻችሁ ይህን ሞኝነት ትሉት ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲህ አሰብሁ፤ ብዙ ባነበብሁ ቁጥር ግን ሐሳቤ ተለወጠ። አንድን እውቀት ለምን እንደሚፈልገው ያወቀ ሰው ነበረና።

አምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እንደ ገና ተማሪ ሆነ። በ1929 በሥነ ልቡና ትምህርት ዲግሪ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ የፔዝሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ቀን ቀን ኮሌጁን ያስተዳድራል፣ ያስተምራል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ግን የጦርነትን ምክንያት ይመረምራል። በዚህ ነገር ላይ የጻፈውን የመጀመሪያውን ትንሽ መጽሐፍ ገና በ1919 በራሱ ገንዘብ አሳትሞት ነበር፤ የተቀበለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ሪቻርድሰን ሁለት መንግሥታት የጦር መሣሪያ የሚሽቀዳደሙበትን ምክንያት በሦስት ነገሮች አጠቃለለው። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ጎረቤቴ መሣሪያ በጨመረ ቁጥር እኔም እጨምራለሁ። ሁለተኛው ድካምና ወጪ ነው፤ የራሴ ሸክም በከበደ ቁጥር ወደ ኋላ ይጐትተኛል። ሦስተኛው የቈየ ቂም ወይም ብሶት ነው፤ ይህ ጎረቤቴ ምንም ባያደርግ እንኳ በውስጤ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ሰጠውና በእኩልታ አገናኛቸው። ከ1909 እስከ 1913 ፈረንሳይና ሩሲያ በአንድ ወገን፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ሀንጋሪ በሌላ ወገን ሆነው ለጦር መሣሪያ ያወጡትን ገንዘብ በዚህ ቢለካው፣ በወረቀቱ ላይ ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያሉ ያህል ተሰለፉለት።

ነገሩ ከባድ እንዳይመስላችሁ እኔ ራሴ የሠራሁትን ላሳያችሁ። ሁለት ሰፈሮች ተጣልተው የእያንዳንዳቸው ቁጣ 10 ነው እንበል። በየቀኑ የአንዱ ቁጣ በሌላው ቁጣ እኩሌታ ይጨምራል፤ ከራሱ ቁጣ ደግሞ ከ10 እጅ 2ቱ ይበርዳል። እንግዲህ በማግስቱ 10 ላይ 5 ተጨምሮ 2 ሲቀነስ 13 ይሆናል። በሦስተኛው ቀን 16.9፣ በአራተኛው ቀን 22 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንዲህ እያለ ከተማው ይቃጠላል። አሁን ደግሞ የሚበርደውን ከ10 እጅ 8 አድርጉት። በማግስቱ 7፣ ቀጥሎ 4.9፣ ከዚያም 3.43 እያለ ይጠፋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዲት ቁጥር ብቻ ተለወጠች። ቂም ብንጨምርበትስ? በየቀኑ 2 ቢጨመርበት ቁጣው 9፣ 8.3፣ 7.81 እያለ ይወርድና 6 ከሁለት ሦስተኛ አጠገብ ይቆማል፤ ከዚያ አያልፍም፣ አይጠፋምም። ይህን ባገኘሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። በመስከረም 2011 በአርባ ምንጭ የሆነውም እንደዚህ ነበረና፤ ወጣቶቹ ተመለሱ እንጂ ሐዘኑ ከየቤቱ አልወጣም።

ሪቻርድሰን በእኩልታ ብቻ አልቆመም። በዓለም ላይ ከ1820 ጀምሮ ሰው የተገደለባቸውን ጠቦች ሁሉ ለመቍጠር ተነሣ። ጦርነት፣ ዐመፅ፣ ነፍስ ግድያ እያለ ሳይለይ ሁሉንም ገዳይ ጠብ ብሎ ሰየማቸውና በሟቾቹ ብዛት እንደ ምድር መናወጥ መለኪያ በሎጋሪዝም አሰለፋቸው፤ አንድ ሰው የሞተበት 0፣ ሺህ ሰው የሞተበት 3፣ ሚሊዮን ሰው የሞተበት 6 ይሆናል። ከዚያም ሰዎችን የሚያዋጋቸውና የሚያስታርቃቸው ምን እንደ ሆነ በቍጥሩ ውስጥ ፈለገ። በዘመኑ የጋራ ቋንቋ ሰላም ያመጣል የሚል ተስፋ ብዙ ነበረ፤ ቍጥሩ ግን አንድ ቋንቋ መናገር ከጠብ እንደሚያድን አላሳየም። ብዙ ድንበርተኛ ያለው መንግሥት ብዙ ጦርነት እንደሚገጥመው፣ በአንድ መንግሥት ሥር ረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ሕዝቦች እርስ በርስ መዋጋታቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ቂምም ከዓመታት ጋር እየደከመ እንደሚሄድ አገኘ።

የድንበርን ነገር ሲመረምር ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር ገጠመው። የስፔንና የፖርቱጋል ድንበር በአንዱ መጽሐፍ 987 ኪሎ ሜትር፣ በሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎ አገኘ። የዓባያ ሐይቅን ዳር አንዱ በገመድ ሌላው በክንድ ቢለካ፣ በክንድ የለካው እያንዳንዱን ጐድጓዳ ስለሚከተል ርዝመቱ ይበልጥበታል፤ መለኪያው ባነሰ ቍጥር ርዝመቱ ያድጋል። ከዚህ ትንሽ ማስታወሻ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት አዲስ የሒሳብ ክፍል አወጡ። እርሱ ግን ወደ ጠቡ ተመለሰ።

አሁን የእርሱን ጉድለት ልናገር። በእኩልታው ውስጥ አንድ መንግሥት እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ ያሉት ሽማግሌ፣ ወጣት፣ እናት፣ ነጋዴ አይታዩም። ሪቻርድሰን ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። እኩልታዎቹ ሰዎች ቆም ብለው ባያስቡ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ብቻ የሚገልጹ መሆናቸውን በግልጽ ጽፏል። ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ሰውየው ያለኝ ክብር እጅግ ጨመረ። የጋሞ አባቶች ሥራ በትክክል ይኸው አይደለምን? የሚሮጠውን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ነው። እንግዲህ ሪቻርድሰን የት ላይ እንዳልደረሰ በራሱ እጅ ምልክት አድርጎልናል።

በ1940 ጊዜውን ሁሉ ለዚህ ምርምር ለመስጠት ከአስተዳዳሪነቱ በፈቃዱ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኪልመን በሚባል የስኮትላንድ የባሕር ዳር መንደር ተቀመጠ። በ1950 በአሜሪካ ኤኒያክ የሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን የአየር ትንበያ ሠራ። የ24 ሰዓቱን አየር ለማስላት 24 ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ቢሆንም መልሱ ደህና ነበር። ሠሪዎቹም ወረቀቱን ለሽማግሌው ሪቻርድሰን ላኩለት፤ እርሱም እጅግ ተደሰተ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ መስከረም 30 ቀን 1953 በ71 ዓመቱ በእንቅልፉ ላይ እንዳለ ሞተ። ስለ ጠብና ስለ ጦር መሣሪያ የጻፋቸው ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት በወጉ የታተሙት ከሞተ በኋላ በ1960 ነው።

ያ 64,000 ሰዎች የሚቀመጡበት አዳራሽ ግን አልሞተም። ኋላ የመጡ ሊቃውንት በአየር ቁራጭ ፈንታ በኮምፒዩተር ውስጥ የሰው አምሳያ አስቀመጡ፤ እያንዳንዱ አምሳያ ጎረቤቱን እያየ የራሱን ነገር ይወስናል። አሜሪካዊው ቶማስ ሼሊንግ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ለጎረቤት ያላቸው ትንሽ ምርጫ ከተማን በሙሉ እንዴት እንደሚከፋፍል አሳየ። ሮበርት አክስልሮድ በ1997 ባህልን ራሱን አምሳያ አደረገው፤ እያንዳንዱ መንደር የቋንቋ፣ የልብስ፣ የእምነት ዓይነት ያለው ሲሆን፣ የሚመሳሰሉ ጎረቤቶች ይበልጥ ይገናኛሉ፣ በተገናኙ ቍጥርም ይበልጥ ይመሳሰላሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በየአካባቢው አንድ ዓይነት ሆኖ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሳይዋሐዱ ይቀራሉ። ጆሹዋ ኤፕስታይን ደግሞ በ2002 የሕዝብ ዐመፅን አምሳያ ሠራ፤ እያንዳንዱ ሰው ብሶቱን ከመታሰር ፍርሃቱ ጋር እያመዛዘነ ይነሣል ወይም ይቀመጣል። በዚያ አምሳያ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ተራው ሕዝብና ፖሊሱ። ሣር የያዘ ሽማግሌ የለበትም።

ይህ ሥራ ወደ እኛም አገር መጥቷል። የአስመራ ተወላጅ የሆኑት የባህል ሊቅ አስመሮም ለገሠ በ1973 በታተመው መጽሐፋቸው የቦረናን የገዳ ሥርዓት ሕጎች በኮምፒዩተር አሠርተዋል። በገዳ ልጅ ከአባቱ አርባ ዓመት፣ ማለት አምስት የስምንት ዓመት ደረጃዎች ወደ ኋላ ሆኖ ይገባል፤ አስመሮምም ትውልድ በትውልድ ላይ ሲቈጠር ለደረጃው ዕድሜው የማይገጥም ሰው እንዴት እየበዛ እንደሚሄድ በስሌቱ አሳዩ። ከእኛ አጠገብ በደቡብ ኦሞ ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር ኦሞላንድ የተባለ አምሳያ ሠርቶ በ2018 ታተመ። በዚህ አምሳያ ዝናቡ ይዘንባል ወይም ይቀራል፤ የገበሬውና የከብት አርቢው ቤተ ሰብም ያንን አይቶ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። ይህን ወንድሜ ሲያሳየኝ ሪቻርድሰን ለየብቻ የሠራቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ነፋሱና ሰው፣ በጎረቤታችን አገር ተገናኝተው አየሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያን የሁለት ሰፈሮች ስሌት ይዤ ባለፈው ዕረፍት ወደ ጨንቻ ወጣሁና ለአያቴ በጋሞኛ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም እርጥቡ ሣር በወረቀቱ ላይ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቁኝ። እኔም በኩራት ከ10 እጅ 2 የነበረውን ወደ 8 ያሳደግሁበትን ቦታ አመለከትኋቸው። አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሣሩ ቁጣን እንደማያበርድ፣ የተቈጣ ሰው ቁጣው የራሱ እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ሣር ይዘው የተንበረከኩትን ሽበታሞች አልፎ የሄደ ሰው ጎሜ እንደሚሆንበት፣ ጎሜውም ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ዘመዱ፣ ለከብቱና ለእርሻው እንደሚተርፍ አስረዱኝ። ስለዚህ የጻፍሁት ቁጥር ስሕተት ነበር፤ በላጲስ አጠፋሁት።

ከአርባ ምንጭ ለወንድሜ ደውዬ ይህን ስነግረው፣ በእኩልታ ባይሆንም በኮምፒዩተር አምሳያ እንደ ትእዛዝ ሊጻፍ ይችላል አለ፤ ቁጣህ የቱንም ያህል ቢሆን ከፊትህ ሣር የያዘ አባት ካለ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ይህንን መልስ ለአያቴ ወሰድሁ። እርሳቸውም ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ አባቶችን ሰምቶ ለማያውቅ፣ ከተማ ለተወለደ ልጅ ይህን ትእዛዝ ማን እንደሚጽፍለት ጠየቁኝ። እኔም ሲቀላ የተወለድሁ ስለ ሆንሁ ዝም አልሁ። ወረቀቱ አሁን በደብተሬ ውስጥ ነው፤ በክረምቱ ዕረፍት ትእዛዙ ለአንዳንዶቹ አምሳያዎች ብቻ ተሰጥቶ ለሌሎቹ ባይሰጥ ምን እንደሚሆን ከወንድሜ ጋር በኮምፒዩተር ልንሞክረው ተስማምተናል።